ስቡ እኔ ላይ፣ ስኳሩ ወንድሜ ላይ

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምጽፍልዎት። የ43 ዓመት ሴት ስሆን በመምህርነት እሠራለሁ። ክብደቴ 92 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ባለፈው ዓመት በባዶ ሆድ ስመረመር የደም ስኳሬ 94 ተገኘ። ታናሽ ወንድሜ ግን 61 ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ እጅና እግሩ ቀጫጫ፣ ሆዱ ብቻ ትንሽ ገፋ ያለ ሰው ሆኖ ሳለ በቅርቡ ‹ስኳር አለብህ› ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል። አባታችንም ያረፉት በዚሁ በሽታ ነው። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ ‹ስኳሩስ የእሷ ነበር፣ ቤት ተሳስቶ እሱ ጋ ገባ› እያሉ ይቀልዱብኛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት የምትማረው ልጄ ደግሞ ስብ ራሱ ፕሮቲን እያመረተ ወደ ደም እንደሚለቅ፣ ስኳር ያለበት ሰው ስብ የሚለቀውም ከሌላው እንደሚለይ ነገረችኝ። እውነት ነው? ከሆነ አዲስ አበባ ሄጄ ፕሮቲኖቹን ላስመርምር? ውፍረቴ ጠብቆኝ ከሆነስ ብቀንስ አይጎዳኝም? ወንድሜም መጪውን ረመዳን ለመጾም ቆርጧል፤ ይችላል ወይ?»

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ ልጅዎ የነገረችዎ ትክክል ነው። ትርፍ ምግብ የሚጠራቀምበት ጎተራ ብቻ ተደርጎ ለረጅም ዘመን ይታይ የነበረው የስብ ኅብረ ሕዋስ፣ እንደ ታይሮይድና እንደ ቆሽት ሁሉ ወደ ሌሎች የአካል ክፍሎች መልእክት የሚልክ ዕጢ መሆኑ በሰፊው የታመነው እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን የምርምር ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ፕሮቲን ካገኘ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ከስብ የሚወጡ ሌሎች በርካታ ፕሮቲኖች ተለይተዋል። ለእርስዎና ለወንድምዎ ጉዳይ ግን ሁሉም እኩል አይጠቅሙም፤ ስለዚህ ጥቂቶቹን ብቻ አንስቼ ላብራራ።

ከሌፕቲን ልጀምር። ይህ ፕሮቲን በስብ ሕዋሳት ይመረትና በደም ተጉዞ የተጠራቀመው ስንቅ ምን ያህል እንደሆነ ለአንጎል ያስታውቃል። መጠኑ ከስቡ ብዛት ጋር አብሮ ስለሚጨምርና ሴቶችም ከወንዶች የበለጠ ስላላቸው፣ በእርስዎ ደም ውስጥ ያለው ሌፕቲን ከወንድምዎ እጅግ እንደሚበልጥ ሳይመረመር መገመት ይቻላል። ችግሩ፣ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የአንጎል ምላሽ እየደነዘዘ መሄዱ ነው፤ የጠገበ አካል እየራበው የሚኖረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራም ሰው ሁሉ ሆዳም ነው እያሉ ለሚፈርዱ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ብቻ ብናስረዳቸው ደስ ይለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሌፕቲን ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያል እንጂ ስኳር ያለበትን ከሌለበት በደንብ አይለይም። ስለዚህ የእናንተን እንቆቅልሽ የሚፈታው እሱ አይደለም።

ወደ መልሱ የሚያቀርበን አዲፖኔክቲን የተባለው ነው። ይህ ፕሮቲን የሚመረተው በዋናነት በስብ ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር እንዲቀንስ፣ ጡንቻም ስብን እንዲያቃጥል በማድረግ ከቆሽት የሚወጣውና የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ሥራውን በቀላሉ እንዲሠራ ያግዛል። የሚገርመው፣ ስቡ በበዛ ቁጥር ይበዛል ተብሎ ሲጠበቅ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ስቡ ሲበዛ አዲፖኔክቲን ይቀንሳል። ከዚህም አልፎ ክብደታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሰዎች ሲነጻጸሩ ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራላቸውና ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያለባቸው ዝቅ ያለ መጠን ይኖራቸዋል። የሕክምና ጥናቶችም አዲፖኔክቲን ከውፍረት ይልቅ ከኢንሱሊን አሠራር ጋር በይበልጥ እንደሚዛመድ ደጋግመው አሳይተዋል። ሚዛን ላይ ስንወጣ የምናየው ቁጥር ስለዚህ ልዩነት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

ታዲያ አዲፖኔክቲንን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዋናው ነገር ስቡ የተቀመጠበት ቦታና የእያንዳንዱ የስብ ሕዋስ መጠን ነው። በግ ሲታረድ አንጀትንና ጨጓራን ሸፍኖ የሚወጣውን መረብ መሰል ሞራ ያላየ የወሎ ሰው ያለ አይመስለኝም። (የድሮ አዋቂዎች ሞራ ገልጠው የሚመጣውን ይተነብዩ ነበር፤ በስኳር በሽታ በኩል እንኳ ሞራ የወደፊቱን ይናገራል ቢባል ሐሰት አይሆንም።) በሰውም ሆድ ውስጥ ያው ሞራ አለ። ከእሱ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚፈስ፣ የሚለቀው ቅባትና ፕሮቲን ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ላይ ነው። በዳሌ፣ በጭንና በመቀመጫ ቆዳ ሥር የሚቀመጠው ስብ ግን በጥቅሉ ረጋ ያለ ነው፤ ቅባቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ጉበትንም አያጥለቀልቅም። ሴቶች የወር አበባ እስኪቋረጥ ድረስ ስቡን ወደዚህኛው ቦታ የመላክ ዝንባሌ አላቸው። የእርስዎ ሰውነት ትርፉን በአብዛኛው በቆዳ ሥር ማስቀመጥ ችሎ ይሆናል፤ ወንድምዎ ግን በቆዳ ሥር የሚያስቀምጥበት አቅም ትንሽ ሆኖ ጥቂቱም ትርፍ ወደ ሞራና ወደ ጉበት ሄዶበት ሊሆን ይችላል። ሆዱ ብቻ ገፋ ያለ ነው ማለትዎን ልብ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሕዋሱ መጠንም እንዲሁ ወሳኝ ነው። በጉልምስና ዕድሜ የስብ ሕዋሳት ብዛት እምብዛም አይለዋወጥም፤ በየዓመቱ ከአሥሩ አንዱ ያህል እየሞተ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ሰው ሲወፍር በብዙ መልኩ የሚሆነው ያሉት ሕዋሳት ማበጥ ነው። ከመጠን በላይ ያበጠ የስብ ሕዋስ አዲፖኔክቲን ማምረቱን ይቀንሳል፤ በዙሪያው ኮላጅን የተባለው የማሰሪያ ፕሮቲን እየተከማቸ ያደነድነዋል፤ እሱም በተራው ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚጠሩ ፕሮቲኖችን መልቀቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በቀጭን ሰው ስብ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ከ10 በመቶ በታች ሲሆኑ በጣም በወፈረ ሰው ስብ ውስጥ ግን ወደ 40 በመቶ ሊደርሱ ይችላሉ። እነዚህ ማክሮፋጆች ቲኤንኤፍ አልፋንና ኢንተርሊውኪን 6ን የመሳሰሉ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ብግነቱ እንደ እባጭ አይታይም፣ ትኩሳትም የለውም፤ ሆኖም ኢንሱሊን ለሕዋሱ የሚያስተላልፈውን መልእክት እያደናቀፈ ዓመታትን ያስቆጥራል።

ቲኤንኤፍ አልፋ በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ በዝቶ እንደሚገኝና የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያዳክም በጎክሃን ሆታሚስሊጊልና በብሩስ ስፒገልማን የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። «እንግዲያው እሱን ብቻ ብናግደው ስኳር ይድናል» የሚል ተስፋ በዚያን ጊዜ ተፈጥሮ ነበር። በሰዎች ላይ ሲሞከር ግን የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። ይህን የማነሳው፣ አንድ ፕሮቲን ነጥሎ በማውጣት «የስኳር ምክንያት ተገኘ» የሚሉ ዜናዎችን ሲያነቡ ረጋ እንዲሉ ነው። የስብ ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ሲጫኑት ሌላው ይነሣል።

እስካሁን የነገርኩዎ ከስብ ሕዋስ ስለሚወጡት ነው። በሕዋሱ ውስጥ የሚቀሩትም ይለያያሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ግሉት 4 የተባለውን ማወቅ ይበቃዎታል። ምግብ በልተን ኢንሱሊን ሲወጣ ይህ ፕሮቲን ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ውጫዊው ሽፋን ይወጣና ስኳርን ከደም ወደ ውስጥ ያስገባል። በወፈሩና በተለይም ዓይነት ሁለት ስኳር በያዛቸው ሰዎች የስብ ሕዋሳት ውስጥ ግሉት 4 በብዛቱ ይቀንሳል፤ በጡንቻ ውስጥ ግን ብዛቱ ደህና ሆኖ ሳለ ወደ ሽፋኑ መውጣቱ ነው የሚሰናከለው። ከምግብ በኋላ ከደም የሚነሣው ስኳር በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ጡንቻ ሲሆን ወደ ስብ የሚሄደው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ የስቡ ግሉት 4 ቢቀንስ ምን ይጎዳል ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተደረገ አንድ የአይጥ ሙከራ መልስ ሰጥቷል፦ ግሉት 4 ከስባቸው ብቻ ተነጥሎ የጠፋባቸው አይጦች ጡንቻቸውና ጉበታቸውም ለኢንሱሊን መታዘዝ አቆሙ። ስቡ መታመሙን ለሌሎቹ በደም በኩል አስተላልፏል ማለት ነው።

በተመሳሳይ ምክንያት ኢንሱሊን የስብ ሕዋሱ ቅባቱን እንዳይለቅ የሚያደርገው ቁጥጥር ይላላል። የቅባቱን ጠብታ የሚሸፍነው ፔሪሊፒን የተባለ ፕሮቲንና ቅባቱን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች ሚዛናቸው ሲዛባ፣ ቅባቱ ወደ ደም እየተለቀቀ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ጉበቱ በስብ ሲሞላ ደግሞ ሳይበሉም ስኳር ይለቃል፤ በጠዋት ባዶ ሆድ የሚለካው ቁጥር ከፍ የሚለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ አስተያየት ስብ ጠላት አይደለም የሚል ነው፤ ጠላቱ ሥራውን መሥራት ያቃተው ስብ ነው። ለዚህ ሁለት ምስክሮች ልጥቀስ። ሊፖዲስትሮፊ በሚባል እምብዛም በማይገጥም በሽታ የተያዙ ሰዎች የስብ ኅብረ ሕዋሳቸው ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ እነዚህ ሰዎች ከስኳር አይድኑም፣ እንዲያውም በከባዱ ይያዛሉ፣ ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጣቸው ግን ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ሁለተኛው ፒዮግሊታዞን የተባለው የስኳር መድኃኒት ነው፤ ይህ መድኃኒት አዳዲስ ትንንሽ የስብ ሕዋሳት እንዲፈጠሩና አዲፖኔክቲን ከፍ እንዲል ስለሚያደርግ፣ ሰውየው ጥቂት ኪሎ እየጨመረም ስኳሩ ይወርዳል። ስለዚህ የጎረቤቶችዎ ቀልድ ሳያውቁት እውነት ነክቷል፤ ኪሎና ስኳር ሁልጊዜ አንድ ቤት አያድሩም።

ይህን ብዬ ግን «እንግዲያው ውፍረቴ ጠብቆኛል» ብለው እንዲረጋጉ አልፈልግም። ክብደትዎ ለቁመትዎ ሲሰላ (ኪሎው በሜትር ቁመትዎ ሁለት ጊዜ ሲካፈል) 36 ገደማ ይመጣል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። የባዶ ሆድ ስኳርዎ 94 መሆኑ ከ100 በታች ስለሆነ ጤናማ ነው፤ ነገር ግን ቆሽትዎ ያንን 94 ለማስጠበቅ ምን ያህል ኢንሱሊን እያፈሰሰ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። አባትና ወንድም ስኳር ሲይዛቸው የእርስዎም የመያዝ ዕድል ከፍ ይላል። የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ ስቡ ከዳሌ ወደ ሆድ ማዘንበል ይጀምራል። ጤናማ የሚመስል ውፍረት በብዙ ሰው ዘንድ ለጥቂት ዓመታት የሚቆይ እንጂ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ አይደለም።

የፕሮቲን ምርመራውን በተመለከተ፣ አይሂዱ። አዲፖኔክቲንና ሌፕቲን መለካት ለምርምር የሚደረግ እንጂ ሐኪም ሕክምና የሚወስንበት አይደለም፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን የሚታዘዝልዎ ያው ነው። ለአውቶቡስና ለአልጋ የሚያወጡትን ገንዘብ እዚያው ደሴ ለባዶ ሆድ ስኳር፣ ለሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር፣ ለደም ቅባትና ለደም ግፊት ያውሉት፤ በየዓመቱም ይድገሙት። ለሞራው ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ልብስዎን ገለጥ አድርገው በጎን በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌዎን አጥንት ጫፍ በጣትዎ ይፈልጉ፤ በሁለቱ መካከል ሜትሩን ሳያጠብቁ ዙሪያውን ያዙሩ፤ ትንፋሽዎን በቀስታ አውጥተው ሆድዎን ሳይስቡ ያንብቡ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 ጀምሮ አደጋው ከፍ ማለት ይጀምራል። ልኬቱ ከአውሮፓውያን የተወሰደ ቢሆንም ከሰሃራ በታች ላለን ሰዎች እስካሁን የሚሠራበት እሱ ነው። ወንድምዎንም ይለኩት።

ክብደት መቀነስ አይጎዳዎትም። ያበጡት የስብ ሕዋሳት ቁጥራቸው ሳይሆን መጠናቸው ይቀንሳል፣ የብግነት ፕሮቲኖቹ ይወርዳሉ፣ በቂ ክብደት ሲቀንስ አዲፖኔክቲንም ከፍ ይላል። ብዙ መቀነስም አይጠበቅብዎትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነው ትልቅ ጥናት ስኳራቸው ለበሽታ የቀረበ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲያደርግ፣ ዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር። እርስዎ ገና እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሱም፤ ቢሆንም ግቡ ለእርስዎም ይሠራል፣ 6 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፦ ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲንም ስለሚወርድ አንጎልዎ ስንቅ ያለቀ ይመስለዋል፣ ረሀቡም ይበረታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ረሀቡ ሲመጣ የፈቃድዎ ድካም ነው ብለው ራስዎን አይውቀሱ፤ በዚያ ጊዜ ምስር፣ ሽንብራና ባቄላን ከፍ አድርጎ እንጀራውን መቀነስ ብዙ ይረዳል። ከአቦል እስከ በረካ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጨምሩ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሚነካው እሱ ነው። መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በሆነበት በደሴ ከሰኞ ገበያ ፒያሳ በባጃጅ መሄድን ትቶ በእግር መሄድ ከማንኛውም የስፖርት ቤት አያንስም።

ስለ ወንድምዎ አንድ ሥጋት አለኝ። ቀጭን አዋቂ ሰው ስኳር ሲገኝበት ዓይነት ሁለት ነው ተብሎ በችኮላ ይደመደማል፤ ከላይ ያስረዳሁትም የሚሠራው ዓይነት ሁለት ከሆነ ነው። ምናልባት የሰውነት መከላከያ ቆሽቱን እያጠቃ የሚመጣው ዓይነት አንድ ሊሆን ይችላል። ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት አምስት» ብሎ ለይቶታል፣ እንደ እኛ ባለ አገርም ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ነው። በቅርብ ጊዜ በፍጥነት ከሳ ወይ? ውኃ ጥሙና ሽንቱ በዝተው ነበር ወይ? ልጅ ሳለ በድርቅ ዓመት የተጎዳ ነበር ወይ? እነዚህን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ዓይነቱን የሚለዩ የደም ምርመራዎችም እንዳሉ ይጠይቁ። መድኃኒቱን በጥቁር አዝሙድም በሽፈራውም እንዳይለውጥ አደራ። ማስመለስ፣ ከባድ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ መፍጠን ከታየበት በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።

ረመዳንን በሚመለከት፣ ጾሙ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ያማክር። የሚወስደው ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳሩ በድንገት የመውረድ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን መጠኑና ሰዓቱ ሳይስተካከል መጾም አደገኛ ነው፣ ዓይነት አንድ መሆኑ ከተረጋገጠም ብዙ ጊዜ አይመከርም። ከተፈቀደለት ሱሑሩን እስከ ፈጅር ያዘግይ፣ በፍጥር ሰዓትም ከተምር አንድ ሁለት ፍሬ ላይ ያቁም። በቀን ውስጥ ስኳሩን ይለካ፤ ከጣት ደም መውሰድ ጾሙን ይፈታል ብሎ ከሠጋ የሰፈሩን ሼህ ይጠይቅ። ልኬቱ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ ለመግሪብ ደቂቃዎች ቢቀሩትም እንኳ ጾሙን ያፍርስ።